ጨረቃን በእጅ ማዞር፦ ለጀማሪ የሥነ ፈለክ ትምህርት የሞከርኳቸው አኒሜሽኖች

ነገሩን ከሽንፈቴ ልጀምር።

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። የሥነ ፈለክ ምዕራፍ ሲደርስ ለብዙ ዓመታት የነበሩኝ መሣሪያዎች ጠመኔ፣ ኳስና የእጅ ባትሪ ነበሩ። ሰሌዳው ላይ ፀሐይን እስላለሁ፣ ዙሪያዋን ምሕዋር አደርግላታለሁ፣ ምድርን አራት ቦታ አስቀምጣለሁ። ሥዕል ላይ እጄ ስለማይታዘዝ ምሕዋሩ ሁልጊዜ እንቁላል ይመስላል። ይሄ እንቁላል ምን ጣጣ እንዳመጣብኝ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ከዚያ ፕሮጀክተር ተገኘ። እኔም አንድ የሚያምር ቪዲዮ አገኘሁ። ስሙን ልተወው። ሙዚቃው ልብ ይነካል፣ ቀለሙ ዓይን ይይዛል፣ ጨረቃ በምድር ዙሪያ እንደ ላባ ትንሳፈፋለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሲያልቅ አጨበጨቡ። እኔ የሠራሁት ይመስል ደረቴን ነፋሁ።

በማግስቱ ቁራጭ ወረቀት አድዬ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። «ጨረቃ ለምን ግማሽ ሆና ትታያለች?» አብዛኞቹ የጻፉት «የምድር ጥላ ስለሚያርፍባት» የሚል ነው። ቪዲዮው እንዲህ አላለም። እንዲያውም ትክክለኛውን ነው የተናገረው። ልጆቹ ግን የሚያውቁትን ይዘው ገቡ፣ የሚያውቁትን ይዘው ወጡ። መሃል ላይ ሙዚቃ ሰሙ።

ከዚያ በኋላ ነው አኒሜሽን መራጭ የሆንኩት። አሁን አዲስ ነገር ሳገኝ መጀመሪያ የምፈልገው ማቆሚያው የት እንዳለ ነው። የፈለግሁበት ቦታ ቀጥ ይልልኛል? ወደ ኋላ ይመለሳል? ተማሪው ራሱ ጨረቃዋን ይዞ መጎተት ይችላል? ካልቻለ ቪዲዮ ነው፣ ቪዲዮ ደግሞ ለእረፍት ሰዓት ነው።

አንድ ሕግም አወጣሁ። ከማጫወቴ በፊት ሁሉም ሰው ግምቱን ይጽፋል። ያልጻፈ አያይም። መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ አሁን ግን ብዕር አውጥተው ይጠብቁኛል። ገምቶ የተሳሳተ ልጅ ስክሪኑን የሚያየው በእልህ ነው።

በዚህ ዓይን የፈተንኳቸውን ልንገራችሁ። ስማቸውን የምጠራቸው ሁሉም በነፃ የሚገኙ ናቸው።

መልክ የሌለው፣ ግን ጎበዙ

የመጀመሪያው የኔብራስካ የሥነ ፈለክ አፕሌት ፕሮጀክት ይባላል፤ አፕሌት ማለት አንድ ነገር ብቻ የምታሳይ ትንሽ ፕሮግራም ናት። የሠራው ኔብራስካ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ነው። ስትከፍቱት ተስፋ እንዳትቆርጡ፣ መልኩ አያምርም። ሙዚቃ የለውም፣ ተራኪ የለውም። ግን ክፍል ውስጥ የሚያመጣውን ጫጫታ ሌላው አያመጣውም።

የጨረቃ ቅርጾች የሚለውን ከፈትኩ። የፀሐይ ብርሃን ከግራ ይመጣል። መሃል ላይ ምድር አለች፣ ላይዋ ላይ አንዲት ትንሽ ሰው ቆማለች። ጨረቃዋን በማውስ ይዘህ በዙሪያዋ ትጎትታለህ። በቀኝ በኩል ደግሞ ያቺ ሰው ቀና ብላ ስታይ ጨረቃ ምን እንደምትመስል ይታያል።

መልሱ ገና ከጅምሩ በቀኝ በኩል ስለሚታይ ግምቱን ያበላሽብኛል። ስለዚህ ደብተሬን ይዤ ፕሮጀክተሩ ፊት ቆምኩና ያንን ጥግ ጋረድኩት። ጨረቃዋን ከፀሐይ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን የምትሠራበት ቦታ አቆምኳት። «እዚህ ስትሆን ምን ትመስላለች? ሳሉ።» ሳሉ። አንዱ ማጭድ፣ አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ምንም የለም ብሎ ባዶ ወረቀት። ከዚያ ደብተሬን አነሳሁ። ግማሽ። «ኧረ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ከዚያ አንዷን ተማሪ ጠርቼ ማውሱን ሰጠኋት። ቀስ እያለች አንድ ዙር አዞረቻት። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመችና ዞራ አየችኝ። «ቲቸር፣ ነጩ ጎን እኮ ሁልጊዜ ወደ ፀሐይ ነው! ግማሿ መቼም አይጠፋም!» እኔ በቃል አሥር ጊዜ ብዬዋለሁ። እሷ በእጇ አንድ ጊዜ አደረገችው። ጨረቃ ሁልጊዜ ግማሿ ብርሃን ነው። የሚለያየው ከዚያ ግማሽ ውስጥ ለእኛ የሚታየን ነው።

ጥላውስ? ምድር በዚያ ሥዕል ላይ ጥላዋን የምትጥለው ከፀሐይ ተቃራኒ ወደሆነው ወደ ቀኝ ነው። ግማሽ ጨረቃ ደግሞ ከላይ ወይም ከታች ናት። አንድ ልጅ ተነስቶ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገና «ጥላው እዚያ ነው፣ ጨረቃዋ እዚህ ናት፣ በየት በኩል ይገናኛሉ?» ብሎ ጓደኞቹን ጠየቀልኝ። ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ።

ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ ተከተለ፤ መከተልም ነበረበት። «ታዲያ ሙሉ ጨረቃ በሆነች ቁጥር ለምን ግርዶሽ አይሆንም?» እዚህ ላይ አፕሌቱ ያልቅበታል። ሥዕሉ ከላይ የታየ ጠፍጣፋ ነው። ርቀቱም ስክሪን ላይ እንዲገባ ታጥፎ የተቀመጠ ነው። የጨረቃ ምሕዋር ከምድር ምሕዋር አንፃር ወደ 5 ዲግሪ ያህል ማዘንበሉን ጠፍጣፋ ሥዕል ሊያሳይ አይችልም።

ስለዚህ ፕሮጀክተሩን አጥፍቼ ወደ ድሮ መሣሪያዬ ተመለስኩ። የቅርጫት ኳስ ምድር ሆነ፤ ስፋቱ 24 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የቴኒስ ኳስ ጨረቃ ሆነች፤ ልኩ አጋጣሚ ሆኖ በጣም ይስማማል። «ምን ያህል ይራራቁ?» ስላቸው አንድ ክንድ ያህል አራራቋቸው። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ 30 ምድሮች ተደርድረው ማለት ነው። በእኛ ኳስ ሲሰላ 7 ሜትር ከ20። ልጁ የቴኒስ ኳሷን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሄደ፣ ከበሩ ወጣ። በዚያ ርቀት 5 ዲግሪ ማለት ኳሷ እስከ 64 ሳንቲሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ትላለች ማለት ነው። የምድር ጥላ እዚያ ሲደርስ ከቅርጫት ኳሱም ይጠባል። ጨረቃ አብዛኛውን ጊዜ ከጥላው በላይ ወይም በታች ለምን እንደምታልፍ ከዚያ በኋላ መግለጽ አላስፈለገኝም። አኒሜሽኑ ጥያቄውን ወለደ፣ ኳሱ መለሰ።

አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ያሉ አኒሜሽኖች ጨረቃን የሚስሉት ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ ለሚኖር ሰው ነው። ማጭዷ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ለምድር ወገብ ቅርብ የሆነ ሰው ግን ማታ ወደ ምዕራብ ቢያይ እንደ ታንኳ ተጋድማ ነው የሚያገኛት። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ደግሞ ግራና ቀኙ ይገለበጣል። የፕሮግራሙ ጥፋት አይደለም፣ አንድ ቦታ መምረጥ ነበረበት። ግን አስቀድማችሁ ካልተናገራችሁ ሰማዩን አይቶ የመጣ ተማሪ «የእኛ ጨረቃ ሌላ ናት ወይ?» ይላችኋል።

የእንቁላሉ ጣጣ

አሁን ወደ እንቁላሌ።

በጋና ክረምት ለምን ይፈራረቃሉ ስትል፣ ያልተማረውም የተማረውም «ምድር ለፀሐይ ስትቀርብ ይሞቃል፣ ስትርቅ ይበርዳል» ይልሃል። በ1987 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በምርቃት ቀን ለ23 ሰዎች፣ ለተመራቂዎችም ለመምህራንም፣ ስለ ወቅቶችና ስለ ጨረቃ ጥያቄ ቀርቦ 21ዱ ስተዋል። ስለዚህ የእኔ ተማሪዎች አይፈረድባቸውም። ይልቅ የሚፈረድብኝ እኔ ነኝ፤ እንቁላሉን የሳልኩት እኔ ነኛ።

የመማሪያ መጻሕፍት ምሕዋሩን ከጎን በኩል አዘንብለው ይስሉታል። ክብ ነገር ከጎን ሲታይ ሞላላ ይሆናል። ተማሪው ግን ሞላላውን እንደ እውነት ይወስደዋል። አንዱ ጫፍ ቅርብ፣ አንዱ ጫፍ ሩቅ፣ አለቀ፣ ወቅት ተገለጸ!

እውነቱ ይሄ ነው። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ሆና ነው። በጣም የምትርቀው በጁላይ መጀመሪያ ነው፣ 152 ሚሊዮን። በጃንዋሪ ደግሞ የሰሜን ንፍቀ ክበብ የሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ነው። አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነ ምሕዋር ሰሌዳ ላይ ብስል፣ ቁመቱ ከስፋቱ የሚያንሰው በ0.14 ሚሊሜትር ነው። የጠመኔ መስመር ራሱ ከዚያ ይወፍራል። ፀሐይዋን ብቻ ከመሃል 8 ሚሊሜትር ፈቀቅ ማድረግ ነው። ያን ሁሉ ዓመት እንቁላል ስስል ኖሬያለሁ።

የኔብራስካዎቹ የወቅቶች አኒሜሽን ይሄን ያክምልኛል። ምድርን ይዘህ በምሕዋሯ ላይ ትጎትታለህ። ዛቢያዋ፣ ማለትም ዙሪያውን የምትሽከረከርበት ምናባዊ መስመር፣ 23.4 ዲግሪ አዘንብሎ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዳመለከተ ይቀራል። ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ግን ግምት ሳስጽፋቸው ብዙዎቹ ዛቢያው በስድስት ወር ወዲያ ማዶ የሚገለበጥ ነበር የመሰላቸው። ጎትተው ሲያዩት አልተገለበጠም። ቦታዋ ተለወጠ እንጂ አቋሟ አልተለወጠም።

ሌላው የምወደው ነገር የጨረር ስርጭት የሚያሳየው ክፍል ነው። አንድ እፍኝ ብርሃን መሬት ላይ ሲያርፍ ይታያል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ብርሃኑ ትንሽ ክብ ላይ ይከማቻል። ስታዘነብል ያው ብርሃን ተዘርግቶ ሞላላ ይሆናል። የእጅ ባትሪዬን ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርጌ፣ ከዚያ አጋድሜ ከማሳየው ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ምድር ላይ የቆመችውን ሰው ከምድር ወገብ ወደ ዋልታ እየወሰድክ ማየት መቻልህ ነው። በሰሜንና በደቡብ 23.4 ዲግሪ መካከል የሚኖር ሰው ፀሐይን በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጥ ብላ አናቱ ላይ እንደሚያገኛት ያወቁት በዚህ ነው። ጥላ የማይጥሉበት ቀትር! ልጆቹ ወዲያው የራሳቸውን ቀን ማስላት ፈለጉ። ሌላ ክፍለ ጊዜ ሄደ።

ሰማዩን ማጥፋት

ሁለተኛው ስቴላሪየም ነው። ፋብያን ሼሮ የተባለ ፈረንሳዊ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የጀመረው፣ አሁን ብዙ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩበት ክፍት ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ኔትወርኩ ክፍል ውስጥ በገባሁ ሰዓት ነው ለመጥፋት የሚመርጠው።

ስቴላሪየም በትክክል አኒሜሽን ነው ወይ የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እኔ ግን እንደዚያ ነው የምጠቀምበት። ቀትር ላይ አቆመዋለሁ። ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ ፀሐይ አለች፣ ሌላ ምንም የለም። «አሁን ከዋክብቱ የት ናቸው?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ወደ ሌላው የምድር ጎን ሄደዋል» የሚል አይጠፋም። ከዚያ «ኤ» የምትለውን ቁልፍ እጫናለሁ። አየሩ ይጠፋል። ሰማያዊው በአንዴ ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ ፀሐይ በከዋክብት መሃል ቁጭ ብላ ትገኛለች። ከኋላ ወንበር የማይነሳ አንድ ልጅ አለ። ያን ቀን ተነስቶ ቆመ። «ቀንም አሉ ማለት ነው?» አዎ፣ አሉ። ድሮም ነበሩ።

ቀጥሎ «ጂ» ስትጫን መሬቱ ይጠፋል። ከእግራችን በታች ያለው ሰማይም ይታያል። ይሄን ሲያዩ አንዳንዶቹ ወንበራቸውን ይይዛሉ፣ እውነቴን ነው።

የማርስ ነገር ግን ለብቻው ይነገር። ፕላኔቶች በከዋክብት መሃል አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምሥራቅ ይሄዳሉ። አልፎ አልፎ ቆም ብለው ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ፊት። ማርስ ከዲሴምበር 2024 እስከ ፌብሩዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. እንዲህ አድርጋለች። በቃል ስታወራው ተረት ነው። በተራ ቀን እየዘለልክ ብታሳየው ደግሞ ከዋክብቱም አብረው ስለሚሸሹ ምንም አይታይም። መፍትሔውን ለማግኘት ብዙ ደክሜያለሁ፣ እናንተ አትድከሙ። «አልት» ይዛችሁ የእኩል ምልክቷን ስትጫኑ ፕሮግራሙ በኮከብ ቀን ነው የሚዘለው፤ 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገደማ። ከዋክብቱ ባሉበት ቀጥ ይላሉ፣ ማርስ ብቻዋን ትሄዳለች። መጀመሪያ ግን አየሩንና መሬቱን አጥፉ።

አንዱን ልጅ ሰሌዳው ላይ ከተጣለው ምስል ፊት አቆምኩት። በየአምስተኛው ዝላይ ማርስ ያለችበት ላይ በጠመኔ ነጥብ ያደርጋል። ነጥቦቹ ተቀራረቡ። ቆሙ። ከዚያ ወደ ኋላ መጡ። ክፍሉ «አይ፣ ተሳስተሃል» አለው። አልተሳሳተም። ፕሮጀክተሩን ሳጠፋ ሰሌዳው ላይ በነጥብ የተሠራ ቋጠሮ ቀረ። ምድርና ማርስን ከላይ የሚያሳየውን ከፍቼ ምድር ማርስን ስትቀድማት አሳየኋቸው፤ አውቶቡስ ውስጥ ሆነህ ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና ስትቀድም ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስልሃል፣ እንደዚያ። የጥንቱ የሥነ ፈለክ ሊቅ ቶለሚ ይሄን ቋጠሮ ለማስረዳት በክብ ላይ ክብ መደረቡን ስነግራቸው አንዱ «እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር» አለ። ደስ የሚል መልስ ነው።

ስቴላሪየምን ስትጠቀሙ ጊዜ ማፍጠኛዋን፣ «ኤል»ን፣ ልጆች እጅ አታስገቡ። ደጋግመው ይጫኗታል፤ ቀንና ሌሊቱ እንደተበላሸ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ራስ ያዞራል። «ኬ» ወደ ተራው ፍጥነት ትመልሳችኋለች።

ስበትን ማጥፋት

ሦስተኛው ፌት የሚባለው የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ አኒሜሽኖች ስብስብ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ካርል ዊማን፣ የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚ ነው። ስበትና ምሕዋር የሚለውን ነው የምወደው። ምድር ፀሐይን ስትዞር ይታያል። አንድ ቁልፍ አለ፣ ስበትን ያጠፋል። ይሄው ነው። ለዚህች ቁልፍ ስል አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እሰጣለሁ።

«ስበት አሁን ቢጠፋ ምድር ወዴት ትሄዳለች?» ግማሹ ክፍል ከፀሐይ በቀጥታ ወደ ውጭ ስትወረወር ይስላል። ጥቂቶቹ እየተጠማዘዘች እንድትሄድ ያደርጋሉ። ቁልፉ ሲጫን ምድር በዚያች ቅጽበት በያዘችው አቅጣጫ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። በክር አስሮ ድንጋይ አሽከርክሮ የለቀቀ ልጅ ወዲያው ገባው።

ይኸው አኒሜሽን ሁለተኛ ገጽ አለው፤ በእውነተኛ መጠን የተሠራ። ስትከፍተው ምንም የለም ማለት ይቻላል። ምድር ነጥብ ነች፣ ርቀቱ ባዶ ነው። «ተበላሸ?» አሉኝ። አልተበላሸም። ሌሎቹ አኒሜሽኖች ሁሉ የሚደብቁትን ነው የሚያሳየው። በዚያው ፀሐይን 14 ሳንቲሜትር ኳስ አድርገን ግቢ ወጣን። ምድር ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ ትበልጣለች፣ 15 ሜትር ርቃ። ጁፒተር አንድ ሳንቲሜትር ተኩል የማትሞላ፣ 78 ሜትር ላይ። ቅርቡ ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ በዚሁ ልክ 4,000 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እዚያ ድረስ አልሄድንም።

ቆንጆዋ

የናሳ የሳይንስ ምስል ስቱዲዮ በየዓመቱ የሚያወጣው የጨረቃ አኒሜሽን አለ። በዓመቱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ሰዓት ይዟል። ቀኑንና ሰዓቱን ታስገባለህ፣ ጨረቃ ያኔ ምን እንደምትመስል ያመጣልሃል። ልጆቹ የልደት ቀናቸውን ያስገባሉ፣ ይቀናናሉ።

ግን ዓመቱን በሙሉ ስታስኬደው ነው ጉዱ። ጨረቃ ትተነፍሳለች። ትልቅ ትሆናለች፣ ትንሽ ትሆናለች፤ ስትቀርብ ወደ 363,000፣ ስትርቅ ወደ 405,000 ኪሎ ሜትር ናትና። ራሷንም ትነቀንቃለች፣ እሺ እንደሚል ሰው ወደ ላይና ወደ ታች፣ እንቢ እንደሚል ሰው ወደ ግራና ወደ ቀኝ። በዚህ መነቅነቅ የተነሳ ከምድር ሆነን ቀስ በቀስ 59 በመቶ ያህል ገጿን እናያለን። አንድ ፊቷን ብቻ ታሳየናለች የሚለው አባባል ትንሽ መታረም እንዳለበት እኔም የገባኝ ይሄን ሳይ ነው። እጅ የሚነካው ነገር የለውም፣ ግን በፈለግህበት ሰዓት ላይ ቀጥ ይልልሃል። ይሄ ይበቃኛል።

ያልወደድኩት

ገንዘብ ከፍዬ የጫንኩት አንድ አፕ ነበር። ስሙ ይቆይ። ፕላኔቶቹ እንደ ዶቃ ተጠጋግተው ተሰክተዋል። አስትሮይዶቹ፣ በማርስና በጁፒተር መሃል ፀሐይን የሚዞሩት ድንጋዮች፣ የጠጠር መንገድ ናቸው። ጠፈር ላይ ይፈነዳል፣ ይጮኻል። ተራኪው አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም፤ ከመጀመሪያው ካልሆነ መመለስ አይቻልም። ተማሪዎቼ ካዩት በኋላ «መንኮራኩሮች በዚህ ድንጋይ መሃል እንዴት ያልፋሉ?» አሉኝ። ፓዮኒየር 10 የተባለችው መንኮራኩር በ1972 እ.ኤ.አ. እዚያ መሃል ገብታ በ1973 በሰላም ወጣች። ድንጋዮቹ በአማካይ በብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትሮች የተራራቁ ናቸው። ያንን ሥዕል ከጭንቅላታቸው ለማውጣት ሳምንት ፈጀብኝ።

ሌላም በየስልኩ የሚዞር አለ። ፀሐይ ወደ ፊት ትወነጨፋለች፣ ፕላኔቶቹ እንደ ጅራት እየተጠቀለሉ ከኋላዋ ይጎተታሉ። ግማሽ እውነት ስላለው ነው የሚያስቸግረው። ፀሐይ በእርግጥ በጋላክሲያችን ማዕከል ዙሪያ በሰከንድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። ፕላኔቶቹ ግን ከኋላ አይጎተቱም። ምሕዋራቸው ከጋላክሲው ጠፍጣፋ ገጽ ወደ 60 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ አንዳንዴ ከፀሐይ ይቀድማሉ፣ አንዳንዴ ይከተላሉ። ይሄን ቪዲዮ አሁን ሆን ብዬ አሳያለሁ። «ስህተቱን ፈልጉ» እላለሁ።

ጥቃቅን ነገሮች

ድሮ የተሰበሰቡ ሊንኮች ካሏችሁ ብዙዎቹ ሞተዋል። ፍላሽ የሚባለው የድሮ አኒሜሽን ማጫወቻ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲቋረጥ በሱ የተሠራ ሁሉ አብሮ ወደቀ። የኔብራስካዎቹ አፕሌቶቻቸውን ኮምፒውተር ላይ በሚጫን መልክ አዘጋጅተዋቸዋል፣ እሱን አውርዱ። መጋረጃ ይኑራችሁ፤ ጥቁር ሰማይ ላይ ያለ ቀጭን መስመር በብርሃን ክፍል ውስጥ አይታይም። የእንግሊዝኛ ቃላቱን ከሰሌዳው ጎን በአማርኛ ጻፉላቸው፤ አለዚያ ግማሹ ክፍል ቃል ሲፈታ ጨረቃዋ ታልፈዋለች። እና በአንድ ክፍለ ጊዜ ከአንድ አኒሜሽን በላይ አታሳዩ። እኔ ሦስት አሳይቼ አውቃለሁ። አንዱም አልቀረላቸውም።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ከኮምፒውተሬ የማላጠፋው ስቴላሪየምን ነው፤ ምክንያቱን አሁን ልንገራችሁ።

በምዕራፉ መጨረሻ ቀን፣ ያ ከኋላ ወንበር የማይነሳው ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ጨረቃ ላይ ቆሞ ምድርን የሚያይ ሰውስ ምን ያያል?» መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ወረቀት አስወጣሁ። ግምታቸውን ጻፉ፤ ምድር በምሥራቅ ትወጣለች፣ በምዕራብ ትጠልቃለች፣ ሁሉም ማለት ይቻላል እንዲህ ነው ያሉት። ስቴላሪየም ላይ ቦታችንን ከምድር ወደ ጨረቃ ቀየርኩ፤ ሁልጊዜ ወደ እኛ የሚዞረው ገጿ መሃል ላይ። ጥቁር ሰማይ፣ አናታችን ላይ ምድር። እኛ ጨረቃን ከምናያት ወደ አራት እጥፍ ትሰፋለች። ማውሱን ለልጁ ሰጠሁት፣ «ኤል»ንም ፈቀድኩለት።

ከዋክብቱ መሄድ ጀመሩ። ፀሐይ ወጣች፣ ጠለቀች፣ እንደገና ወጣች። ምድር ግን እዚያው ናት። ትንሽ ትነቃነቃለች፣ ታድጋለች፣ ትጎድላለች፣ ማጭድ ትሆናለች፣ ትሞላለች። ከአናታችን ግን አትርቅም። ልጁ አንድ ጊዜ ደግሞ ተጫነ፣ ጠበቀ።

«አትጠልቅም እንዴ?»

«እዚህ ከቆምክ አትጠልቅም።»

ወረቀቱን አየ፣ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ሳልነግረው ራሱ አቆመው።